የአስቴር ስም ሲጠራ

የታሪኩን ሰዎች አስቀድሜ በስማቸው ልጥራ። እኔ ታደሰ፣ ሽሮ ሜዳ ከአስፋልቱ በላይ ባለው ሰፈር ሠላሳ ዓመት ሸማ የሠራሁ ሸማኔ ነኝ። ባለቤቴ አማረች ናት። ታላቋ ልጃችን አስቴር፣ ታይላንድ ገጠር ውስጥ ሂሳብ ታስተምር የነበረችው። ታናሿ ቤዛ፣ ኮሌጅ የምትማረው። ኤልያስ የሚባል መምህር፣ እዚያው ታይላንድ ከአስቴር በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ርቆ የሚኖር። ዮናስ የሚባል መምህር፣ ኦማን ሆኖ የመምህራኑን የቴሌግራም ግሩፕ የሚመራ።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው እንዳልሆንኩ ያዙልኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ክር ተጠቅልሎ በሚመጣበት ጋዜጣ ላይ ብቻዬን ፊደል ለይቼ ማንበብ የቻልኩ ሰው ነኝ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ስማችን ሲጠራ ሰማን የሚሉ ሴቶች ቤታችን ሲመጡ «ባዶ ሆዳችሁን እንጨት ተሸክማችሁ ነው፣ በልታችሁ ውጡ» ብዬ የምመልስ፣ ልጆቼንም በዚሁ ያሳደግሁ። ዛሬም ቢሆን አምናለሁ አልልም። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ውጭ አገር የሚያስተምሩ አሥራ ሁለት ልጆች በፌስቡክ ተፈላልገው ግሩፕ አቋቁመው ነበር። እያንዳንዱ ቋንቋውን በማያውቀው አገር ብቻውን ተከራይቶ ይኖራል፣ ቢወድቅ የሚያነሳው የለም፣ ስለዚህ በየቀኑ በእኛ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዮናስ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይደውልላቸውና እንደ ክፍል መምህር ስም ይጠራል፣ የተጠራው «አቤት» ይላል፣ ያረፈደውን «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ብለው ይስቁበታል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያልመለሰ ካለ ግን ሳቅ የለም፣ ቅርብ ያለው መምህር አከራዩ ጋ ይደውላል፣ አከራዩ ካላነሳ ተነሥቶ ይሄዳል። ለአስቴር ቅርቡ ኤልያስ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ትነግረኝ ነበር፣ አልጠየቅሁም።

እኔ ያየሁት ፎቶ ነው። አንድ ጎረቤቴ ከሌሎች ሸማኔዎች ጋር በምሠራበት ቤት ሥራ ላይ እያለሁ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው፣ አስቴር በባሕር ዳርቻ ቆማ ትስቃለች፣ የኤልያስ እጅ ትከሻዋ ላይ ነው። «ታዴ፣ ሰርጉን ደብቀህ በላኸው እንዴ? ጋቢውንስ ማን ሠራላቸው?» አለ፣ ቤት ሙሉ ሸማኔ ሳቀ። እመኑኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ቤት የእኔን ልጅ ስም በሳቅ ያነሳ አልነበረም።

ከፎቶው ሥር የመምህራኑን ግሩፕ ስም አንብቤ ነበርና ያን ዕለት ደወልኩላት። «ከዚያ ግሩፕ ዛሬውኑ ውጪ!»

«አባዬ፣ ስም ነው እኮ የምንጠራራው፣ ሌላ ምንም የለውም።»

«ስምሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የምጠራውም እኔ ነኝ! ካልወጣሽ አባት የለኝም በይ።»

«እሺ አባዬ» አለች። የእኔ ልጅ እሺ ካለች አለች ነው፣ ወጣች። ኤልያስንም አባቴ አዞኛልና አትደውልልኝ ብላዋለች። ቀጥለው በመጡት ሁለት እሑዶች እንደ ልማዷ ደወለች፣ እኔ ግን ለቤዛ በእጄ ምልክት ሰጠሁ፣ «ሥራ ላይ ነው» አለቻት። በእሑድ የምን ሥራ ነው? ይቅርታ እስክትጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነበር፣ ከቤተሰቡም ማንም እንዳይደውልላት አልኩ። እናንተ አባት የሆናችሁ ይህን ዝምታ ታውቁታላችሁ፣ ጥንካሬ ይመስላል።

ጥቅምት ነበር፣ ሰኞ ቀን። እቤቴ ባለው የሸማኔ ጉድጓዴ ውስጥ እግሬን ከትቼ እየሠራሁ ነው፣ ድሩ ከፊቴ ተነሥቶ በሩ አጠገብ እስካለው ካስማ ድረስ ቤቱን አቋርጦ ተወጥሯል፣ የእንጦጦ ብርድ በበሩ ይገባል። መወርወሪያውን ላነሳ እጄን ስዘረጋ ማግ የምጠቀልልበት ቀሰም ከሚቀመጥበት ሳጥን ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ የወንድ ድምፅ ስም ይጠራል፣ «ሳምራዊት»፣ «አቤት»፣ «ብሩክ»፣ «አቤት»፣ «ኤልያስ»፣ «አቤት»። ቀጥሎ «አስቴር» አለ። «አቤት» አለች። ልጄ ናት፣ ልጅ ሆና ስጠራት እንደምትመልስልኝ ባለ ድምፅ።

በሳጥኑ ውስጥ አስቴር ስትሄድ የተወችው፣ ቴሌግራሟ ያለበት አሮጌ ስልክ እንዳለ አውቃለሁ። በቃ፣ ደብቃኝ ተመልሳ ገብታለች ማለት ነው ብዬ ተናደድኩ። ማታ ላይ ለአማረች «ልጅሽ ቃሏን በልታለች» አልኳት።

«እንዲያው ደውልና ራሷን ጠይቃት።»

«እሷ ትደውል!» አልኩ። ሰኞ ነበር። ሰኞን ያዙልኝ።

ማክሰኞም በዚያው ሰዓት እነዚያው ስሞች በዚያው ተራ ተጠሩ፣ አስቴር ሲባል ግን መልሱ የመጣው ከሳጥኑ አልመሰለኝም፣ ከበሩ በኩል ነው። ተነሥቼ አየሁ፣ ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። ጆሮዬ ነው አልኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። አማረች ደግሞ ያን ዕለት ተደብቃ ደውላላት ነበር፣ ጠርቶ ጠርቶ አልተነሣም፣ አኩርፋ ነው ብላ እኔን ስለምትፈራ ዝም አለች። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለታችን ተደባብቀን ዋልን።

ረቡዕ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ሥራዬን አቁሜ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ስሞቹ መጡ። «አስቴር» አለ፣ ዝም። ደግሞ «አስቴር» አለ። ያን ጊዜ ድሩ ተንቀጠቀጠ። አስቴር ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ክሩ ይበጠሳል እያልኩ ብቆጣት እንኳ፣ በድሩ ሥር ሾልካ ነበር ወደ እኔ የምትመጣው፣ ጀርባዋ ሲነካው ከካስማው እስከ ደረቴ ድረስ ይርገበገባል። እንደዚያ ነው የተርገበገበው፣ ከበሩ ጀምሮ ወደ እኔ እየቀረበ፣ ጉልበቴ ዘንድ ሲደርስ ቆመና ከሥር «አቤት፣ አባዬ» አለኝ።

ሳጥኑን ገለበጥኩት፣ ስልኩን አነሣሁ፣ ጀርባውን ከፈትኩ። ባትሪ የለውም። ቤዛ ከዓመት በፊት ለሌላ ስልክ አውጥታዋለች።

ጮኼ ቤዛን ጠራሁ። አስቴር ጋ ደወልን፣ ስልኳ ተዘግቷል። ቤዛ ዮናስን በፌስቡክ ፈልጋ አገኘችው፣ ዮናስ ኤልያስን ቀሰቀሰው፣ ኤልያስ እስኪነጋ አልጠበቀም፣ መኪና ተከራይቶ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ተዘግቶ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሄዷል፣ በሩን ከአከራይዋ ጋር ሰብረው ነው የገቡት። ጠዋት ደውሎ «ጋሼ፣ አልደረስንላትም» አለኝ።

ትርፍ አንጀት ነው፣ ፈንድቶ። ሐኪሞቹ ሕመሙ ሰኞ ሳይጠናባት አልቀረም፣ ያን ዕለት ሰው ቢደርስላት ትድን ነበር፣ ያረፈችው ማክሰኞ ጠዋት ነው አሉ። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች። ረቡዕ ከድሩ ሥር የመለሰልኝን ግን እናንተ ንገሩኝ።

ዮናስ ለልቅሶ መጣ። «በነዚያ ሦስት ቀናት ስሟን ጠርተሃል ወይ?» አልኩት። «አልጠራሁም ጋሼ፣ የወጣ ሰው አይጠራም» አለ። የሰማኋቸውን ስሞች በተራ ነገርኩት። የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ይህን ተራ ማን ነገረዎት? ስትወጣ ተራውን ቀይሬዋለሁ እኮ፣ ይህ እሷ እያለች የነበረው ነው» አለኝ።

አሁን እኔም ግሩፑ ውስጥ አለሁ፣ ለምኜ ነው የገባሁት። ስሟን ወደ ቦታው መለሱት፣ ሲጠራ «አቤት» የምለው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ዮናስ ጥሪው ካለቀ በኋላ ለብቻዬ ደወለልኝና «ጋሼ፣ አጠገብዎ ማን ነው ያለው? አስቴር ስል ሁለት ድምፅ ነው የሚሰማን» አለኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ድሩን ለማየት ቀና አላልኩም።

ስልክ ሰውን ያበላሻል እያልኩ ዛሬም ልጆችን እመክራለሁ፣ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፣ የእኔን ልጅ የገደላት ግን ስልክ አይደለም። ኤልያስ ማስተማሩን ትቶ ተመልሷል፣ አማረች የእኔን ስም መጥራት ትታለች፣ ስትፈልገኝ «አንተ» ትላለች፣ ቤዛ በእጄ ምልክት ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች። የሁላችንም ኪሳራ ሲደመር ይህ ነው፦ ሁለት እሑድ፣ አንድ ሰኞ፣ አንዲት ልጅ።