በትኩሱ በኩል

ይታይሽ ካውያውን በትኩሱ በኩል ሰጠችው።

ልጁም ያዘው። ሽቦ የሚበየድበትን ሊድ የሚያቀልጥ ብረት መዳፍ ላይ ሲያርፍ የሚሆነው ሆነ፤ የተቃጠለ ቆዳ ሽታ እስከ ወርክሾፑ በር ደረሰ። ልጁ ግን አልጮኸም። ካውያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን ብብቱ ስር ወሸቀ።

የኤሌክትሮኒክስ መምህራቸው ሳልህ ሮጦ መጣ። «ማነው ያቀበለህ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ ያነሳሁት።»

ይታይሽ አጠገቡ ቆማ ይህን ሰማች። የልጁን ስም የሰማችው የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ስም ሲጠራ ነው፦ እንግዳው አዛናው። አዛናው ማለት በሩዝ ማሳ ውሃ ተጣልቶ የአባቷን የዘመነን ክንድ በሽመል የሰበረ ሰው ነው። ክንዱ ተጣሞ ስለገጠመ አባቷ ዛሬም ዕርፍ አይጨብጥም። የዚያ ሰው ልጅ እጁን ዘርግቶ «እባክሽ ካውያውን» ሲላት ደሟ ፈላ፤ ያደረገችውን አደረገች።

«ስሙኝ» አለ መምህር ሳልህ ክፍሉን እየቃኘ። «ካውያ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። መቀመጫው ላይ ይቀመጣል፤ የፈለገው ራሱ መጥቶ ያነሳዋል። ይህ ያልገባው ከዚህ ክፍል ይውጣ።»

ከዚያ ደግሞ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ መደባቸው።

ለብዙ ቀን አልተነጋገሩም። እሱ በግራ እጁ ሽቦ ይልጣል፤ እሷ ካውያውን መቀመጫው ላይ ታኖራለች፤ እሱ ያነሳል። አንድ ቀን ፋሻውን ሲቀይር መዳፉን አየችና ዓይኗን መለሰች።

«ለምን አልተናገርክብኝም?»

«ምን ብዬ? አባቴ በሽመል የመታውን በካውያ መለሰችው ልበል?»

«ያማል?» አለችው።

«ያማል እንጂ፤ ምን መስሎሽ ነው?» አለና ሳቀ። እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም።

በዚያው ሰሞን ከርብ ወንዝ ማዶ ሁለት ወንድማማቾች በውሃ ተራ ተጣልተው ታናሹ የታላቁን ራስ በአካፋ ፈለጠው። ሬሳው ትምህርት ቤታቸው ባለበት በወረታ ከተማ ሲያልፍ ተማሪው ሁሉ ወጥቶ አየ። እንግዳው ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ የመመረቂያ ሥራቸውን ሐሳብ አመጣ።

ነገሩ ቀላል ነው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማሳው ውስጥ ይንሳፈፋል። አንድ ሰው የጭቃውን ግድብ ሰብሮ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ሲለቅ ጠርሙሱ ይወርዳል፤ ሲወርድ ሁለት ሽቦ ያገናኛል፤ ከባትሪ ጋር የተያያዘ የባጃጅ ክላክስ ይጮኻል።

«ክላክሱ ግድቡ ላይ ይተከል» አለ እንግዳው። «የሌባው ጆሮ ስር ይጩህ። ደንግጦ ይሮጣል። ሳይያዝ ከሮጠ ማንም ማንንም አይመታም።»

በባልዲ ሲሞክሩት ክላክሱ ባርቆ ጮኸ። ይታይሽ ክንዱን ጨምድዳ ያዘች፤ ድምፁ ከቆመ በኋላም ቶሎ አልለቀቀችም። እሱም እንድትለቅ አልተነቃነቀም።

«ስሜን ጠርተሽኝ አታውቂም» አላት።

«ስምህ አባትህን ያስከትላል።»

«እንግዲያ እንግዳው ብቻ በይኛ።»

«እንግዳው ብቻ» አለች። ወደደችው፤ ይህን ከራሷ መደበቅ ተወች፤ ከቤቷ ግን ደበቀች። ክረምት ሲገባ ክላክሱን አባቷ ማሳ ላይ ስትተክል አብሯት የሠራው ማን እንደሆነ ለማንም አልተነፈሰችም።

ታላቅ ወንድሟ አለኸኝ ዕቃውን ዞሮ ዞሮ አየው። የአባቱ ክንድ ከተሰበረ ወዲህ ክላሽ ሳያነግት ከቤት አይወጣም።

«እታለም፣ ይኸ ለሌባው እኮ ነው የሚነግረው። ለኛ ምን ይረባናል?»

«እንዲሸሽ ነው።»

«እንዲሸሽ» አለ አለኸኝ ክላሹን ትከሻው ላይ እያስተካከለ።

ዝናቡ ያን ዓመት ከጳጉሜን ጋር ተቆረጠ። ሩዙ ሊያዘረዝር ሲል ውሃ ጠማው፤ በፎገራ ሜዳ ውሃ የያዘ ማሳ ያለው ሰው እንቅልፍ አጣ። የመስከረም ማርያም ዕለት ሜዳው ጭር አለ። በማርያም አካፋ የሚያነሳ የለም፤ ሰው ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ ወጥቷል። ይታይሽም ነጠላዋን አጣፍታ በግድቡ ላይ ስትሄድ ክላክሱን የተከለችበትን እንጨት አየችው። ክላክሱ የለም። ከቦታው ተነስቶ፣ ረጅም ሽቦ ተቀጥሎለት፣ ሽቦው በሣር ተሸፍኖ ወደ ወፍ መጠበቂያው ማማ ይሄዳል።

ሌባው እንዳይሰማ፣ ጠባቂው ብቻ እንዲሰማ። ወንድሟ ለምን ቤተ ክርስቲያን እንዳልወጣ ያኔ ገባት።

ሮጠች። ከማማው ላይ ክላክሱ ታፍኖ ሲያቃስት ሰማችው፤ ጨርቅ ጠምጥሞበታል። ከማሳው ግርጌ አዛናው ጎንበስ ብሎ ግድቡን ይቆርጣል። ከበስተኋላው እንግዳው «አባዬ ተው! አባዬ ተነስ!» እያለ እየበረረ ይመጣል። አካፋውና አባቱ ከቤት መጥፋታቸውን ሲያይ ነው የተከተለው፤ ክላክሱ ጮኾ ያባርረዋል ብሎ ሲጠብቅ ግድቡ ላይ ምንም አልጮኸም።

አለኸኝ ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት ጭቃ በተነ። እንግዳው አባቱ ላይ ሲወድቅ ተከታዩ ጭኑን በሳው፤ የማሳው ውሃ ቀላ። አለኸኝ አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ እንደገና በተከታታይ ለቀቀው፤ ጥይቱ አጠገባቸው ጭቃውን አረሰው።

ይታይሽ መሰላሉን እንዴት እንደወጣች አታውቅም። የጠመንጃውን አፈሙዝ በባዶ እጇ ጨበጠችው።

«ልቀቂ!»

«አልለቅም።»

ብረቱ ከተኩሱ ግሎ ነበር፤ መዳፏ ተጣበቀበት። ወንድሟ በእርግጫ ደረቷን መታት፤ በክርኑ ከንፈሯን ሰነጠቀው። አለቀቀችም። ተያይዘው ከማማው ወደቁ፤ ክላሹም ጭቃ ውስጥ ገባ። የታቦቱ ሕዝብ ደርሶ ሲያላቅቃቸው አለኸኝ እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር። ፖሊስ ወሰደው። እንግዳውን በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት፤ በሕይወት ተረፈ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ።

ሩዙ ሲታጨድ የአዛናው ዘመዶች ጠመንጃቸውን መወልወል ጀመሩ። ደም ፈሷል፤ ካልታረቁ መመለሱ አይቀርም። ሽማግሎች ሁለቱን ወገን ዋርካ ስር፣ ፊት ለፊት፣ መሀሉን ባዶ አድርገው አስቀመጧቸው። እንግዳው ምርኩዙን ታቅፎ ከአባቱ ጎን ተቀምጧል። ብዙ ከተማከሩ በኋላ አባ ተክለ ሃይማኖት መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ።

«ቁስሉ የአዛናው ቤት ነው። እንግዲህ የዘመነ ልጅ ለአዛናው ቤት ትሰጥ፤ ለደም ማድረቂያ ትሁን።»

ዘመነ የተጣመመ ክንዱን እያሻሸ አንገቱን ደፋ። «ይሁን» አለ።

ይታይሽን ጠሯት። የምትፈልገው ልጅ ፊት ለፊቷ ነው፤ እሺ ካለች የሱ ናት። እምቢ ካለች ምናልባት እስከ ማታ ሬሳ ይነሳል። እሺ ካለች ግን የደም ካሳ ሆና ነው የምትገባው፤ በዚያ ቤት እስክታረጅ የሚያዩባት ዓይን ያ ነው።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አልሰጥም።»

ከወዲያ ማዶ አንድ ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ።

«እንግዳውን እወደዋለሁ» አለች፤ አባቷ ፊት እንዲህ ያለ ቃል አውጥታ አታውቅም። «ግን ከእጅ ወደ እጅ አልሰጥም። ይኸው እዚህ ቆሜአለሁ። የፈለገኝ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ቃሉ ከወርክሾፑ እንደመጣ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፈገግ አለ። እንግዳው ተነሳ። አባቱ በጋቢው ጫፍ ያዘው፤ ጋቢውን ትቶለት ሄደ። ያን ባዶ መሬት እያነከሰ ሲያቋርጥ የሁሉም እጅ ቃታ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ዘመነ ነበር። ምርኩዙን ጥሎ፣ በማይታጠፍ እግሩ እንደምንም ተንበርክኮ፣ አባቱ የሰበረውን ክንድ ሳመ። «አያ ዘመነ፣ ስለዚህ ክንድ ይማሩን።» ዘመነ ደህና እጁን አንዴ በልጁ ራስ ላይ አሳረፈ።

ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ጠባሳ ያለበትን መዳፍ ዘረጋ።

«እኔ ነኝ የምጠይቅሽ፤ ማንም አላከኝም። ታገቢኛለሽ?»

መዳፉን አየችው። የራሷን አየችው። «ያማል?»

«ያንቺስ?»

«ያማል እንጂ።»

እጇን እጁ ላይ አደረገችና ሁለቱም ወገን እንዲሰማ ጮክ ብላ ጠራችው።

«እሺ፣ እንግዳው አዛናው።»

አዛናው ስሙን ከዘመነ ልጅ አፍ ሲሰማ ቀና አለ። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስተኛው።