ካርዱ ላይ የቀረችው

መገልበጡ መሃል ላይ ቆመ።

ብሎን ከካሜራው መቅረጫ ጋር አገናኝቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ታብሌት ዘንበል አድርጎ አየው። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ወጥታለች፦ «ማከማቻው ሞልቷል።»

ከበስተኋላው የመጋዘኑ የጥበቃ ኃላፊ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ሠራተኞቹ ባለመነጽሩ ይሉታል። ጥርሱን በክብሪት እንጨት ይጎረጉራል።

«አለቀ?»

«ትንሽ ቀረው፣ ጌታዬ። የካሜራው መቅረጫ አርጅቷል። እያባበልኩት ነው።»

«አባብለው። እኔ ሚስቴን እንኳ እንዲህ አባብዬ አላውቅም።»

ብሎን ሳቀ። መሳቅም የሥራው አካል ነው።

ብሎን የምስጢር ስሙ ነው። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን ሞባይልና ታብሌት ጠጋኝ መሆኑን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሰው ስልክ ሲፈታና ሲገጥም የኖረው ለዛሬ ነው። እዚህ መጋዘን ውስጥ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ቀኑ ተፍቆ አዲስ ቀን ይታተምበታል። ከዚያ ወደ ሆስፒታሎች ይጫናል። የመጋዘኑ የራሱ ካሜራ ሁሉንም አይቷል። ዛሬ ካልተገለበጠ ግን መቅረጫው ነገ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል።

ታብሌቱ ጥጉ የተሰነጠቀ ተራ ዕቃ ነው። ሲከፍቱት ጨዋታና የአየር ሁኔታ ያሳያል። ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ተጭኖ ለያዘው ሰው ግን ሌላ ሥርዓተ ክወና ይነሣል። በምስጢር ያሰማራው የምርመራ መሥሪያ ቤት ከጀርባ የጫነው ነው። ችግሩ ለጀርባው ሥርዓት የተተወለት ቦታ ጠባብ መሆኑ ነው። ትልቅ ቤት ተከራይቶ ዕቃ ቤት ውስጥ እንደማደር ነው።

የዚያችን የዕቃ ቤት ግማሽ ደግሞ እታባ ይዛዋለች።

እታባ ታላቅ እህቱ ናት። ነበረች። ልብስ ሰፊ። መጻፍ ስለማይሆንላት ስልኳን የክር ሳጥኑ ላይ ታስደግፍና የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ረጃጅም ቪዲዮ ትቀርጽለት ነበር። «ከስተሃል አሉ። ማን አለ እንዳትለኝ፣ ራሴ ገምቼ ነው።» ቪዲዮዎቹን የሚያመጣለት አለቃው ጋሼ ነበር። ደንቡ ሁለተኛ ቅጂ አይፈቅድም። ጋሼ ራሱ አጠገቧ ቆሞ ከስልኳ ላይ ያስጠፋት ነበር። ባለፈው ክረምት ስትሞት ብሎን ቀብሯ ላይ አልቆመም። ማንነትህ ይገለጣል ተባለ። የዚያን ዕለት የአንዲት ሴትዮ ስልክ ቻርጀር መሰኪያ ሲያጸዳ ዋለ።

አሁን አንድ ጊዜ «አጥፋ» ቢል ቦታ ይገኛል።

ጣቱ አልታዘዘውም።

ከቦርሳው ሚሞሪ ካርድ አወጣ። የሱቁ ባለቤት ንብረት ነው፣ ተውሶት የመጣ። ሰካው። የጀርባው ሥርዓት ጠየቀ፦ «ካርዱን የማከማቻው አካል ላድርገው?» ከሥሩ ማስጠንቀቂያ አለ። ካርዱ ከዚህ ታብሌት ጋር ከተዋሐደ በኋላ ሌላ መሣሪያ አያነበውም። ካርዱን የሚፈታው ቁልፍ ታብሌቱ ውስጥ ይቀራል።

እሺ አለው።

ቀላሉ መንገድ የቀረውን ማስረጃ ካርዱ ላይ መጫን ነበር። ነገር ግን ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ፣ የሱቁ ባለቤት፣ የማያስነኳት ሕግ ነበረቻቸው። «ካርድ እንግዳ ነው፣ በመጣበት ይሄዳል። የሰው አደራ ቤት ውስጥ ይግባ፣ የራስህን ደጅ አሳድረው።» ጠጋኝነቱ ለሽፋን ነበር። በሁለት ዓመት ግን ሕጓ እጁ ውስጥ ገብታለች። እታባን ወደ ካርዱ አሻገራት። ማስረጃው በባዶ ቦታዋ ላይ መፍሰስ ጀመረ።

ወንበሩ ተንቋቋ።

ባለመነጽሩ ከትከሻው በላይ ቆሟል።

«ያቺ የሰካሃት ምንድን ናት?»

«ካርድ ናት። ቦታ ጠቦን ነው።»

«ለማን?»

«ለመቅረጫው ፕሮግራም። ካላደስኩት ነገም ይቆምብዎታል።»

ባለመነጽሩ ካርዷን አያት። አየት አድርጎ አልተዋትም፣ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ክብሪቱን ወደ ሌላው ጉንጩ አዛወረ።

«ምሳዬን እንዳታሳልፍብኝ።»

አላሳለፈበትም። ጨርሶ፣ ተሰናብቶ፣ ፀሐይ ላይ ወጣ። ለጋሼ አንዲት ቃል ላከ፦ «ተጠግኗል።» ሌላ ምንም አላለም።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ መናኸሪያ ተገናኙ። ጋሼ ጃንጥላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ የመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

«ባትሪው ያብጣል?» አለ ጋሼ፣ እንደ ወትሮው በምስጢር ቃላቸው።

«ካበጠ ቆየ።»

ብሎን አጠገቡ ተቀመጠ። ጋሼ ሳያየው እጁን ዘረጋ።

«ካርዱን ስጠኝ።»

ብሎን ስለ ካርድ ለጋሼ አልነገረውም።

ካርዱ ሲሰካ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ክብሪት ያኝካል።

ቀና ብሎ አካባቢውን ቃኘ። ከትኬት መስኮቱ አጠገብ ሁለት ሰዎች ትኬት ሳይገዙ ቆመዋል። የአንዱ ሸሚዝ ደረቱ ላይ የመጋዘኑ ምልክት ተሰፍቶበታል። ለመደበቅ እንኳ አልደከሙም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ጋሼ?»

ጋሼ ጭኑ ላይ ያለውን ጃንጥላ አስተካከለ። ከዚያ ተነፈሰ፣ ረጅም ትንፋሽ።

«ደክሞኛል፣ ልጄ። አንተስ አልደከመህም?»

«ደክሞኛል።»

እውነቱን ነበር።

«እንግዲያው ካርዱን ስጠኝና ሂድ። እነዚያ እንዳይነኩህ ተነጋግሬልሃለሁ። ይቺን ያህል ውለታ አለብኝ።»

እምቢ ቢል ሁለቱ ይመጣሉ። ካርዱንም ታብሌቱንም ይወስዳሉ። መድኃኒቱ ይጫናል። ብሎን ታብሌቱን ከቦርሳው አወጣ። የካርዷን ማስቀመጫ በመርፌ ወጋ አደረጋት። ካርዷ ብቅ አለች። ከጥፍር አትበልጥም።

ጋሼ መዳፉ ላይ ገለባበጣት።

«የጀርባውን ክፈትልኝ እስቲ።»

ብሎን ሁለቱን ቁልፎች ተጭኖ ያዘ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ጽሑፍ መጣ፦ «ከማከማቻው የጎደለ ክፍል አለ። ካርዱ ይመለሳል?» ከሥሩ ሁለት ምርጫ፦ «ይመለሳል»፣ «አይመለስም»።

«ምን ማለት ነው?»

«ካርዱ ከሌለ አልከፈትም እያለ ነው። አንድ ላይ አዋሕጃቸው ነበር።»

ጋሼ ስለ መሣሪያ የሚያውቀው መደወልና መዝጋት ነው። ማስረጃው ካርዷ ላይ እንዳለ አምኖ ራሱን ነቀነቀ። ካርዷን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተታት።

«ያቺ እህትህ» አለ፣ ለመነሣት ጃንጥላውን እየተመረኮዘ፣ «ቪዲዮ ልቀበል በሄድኩ ቁጥር የሸሚዜን ቁልፍ ሳታይ አትለቀኝም ነበር። ከላላ እዚያው ቁጭ አድርጋ ትሰፋው ነበር። ይቺንም እሷ ናት የሰፋቻት።»

የደረት ኪሱን ቁልፍ ቆለፋት።

ብሎን አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል ቢናገር ሁሉም ይበላሻል።

አፉን ዘጋ።

ጋሼ ሄደ። ሁለቱም ተከተሉት። ብሎን ከመናኸሪያው በሚወጣው የመጀመሪያው አውቶቡስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ታብሌቱ አሁንም መልስ ይጠብቃል። ብሎን ግን ጊዜ የለውም። የመጋዘኑ ባለሙያ ካርዱን ሊከፍት ሲሞክር እንደማይነበብ ያየዋል፣ ከዚያ ታብሌቱን ፍለጋ ይመጣሉ። «አይመለስም» ካለ ማስረጃው ይከፈታል። የካርዱ ቁልፍ ግን ለዘላለም ይጠፋል። ካርዱ ኋላ ቢገኝ እንኳ።

አጠገቡ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉት።

«ደህና ነኝ፣ እማማ። ፀሐዩ ነው።»

«አይመለስም» የሚለውን ተጫነ።

ማስረጃው ሙሉውን ተከፈተ። ምንም አልጎደለም። ሰዎቹ መብራት ሥር ቆመው የሳጥኖቹን ቀን ሲፍቁ ይታያሉ።

አለቃ ከከዳ የሚኬድበት አንድ በር አለ፣ ሰው ሁሉ ልብሱን የሚያሳጥብበት ላውንድሪ። ባንኮኒው ላይ ያለችው ሴት በሥልጣን ከጋሼ በላይ ናት። ታብሌቱን ሸሚዝ ውስጥ ጠቅልሎ ሰጣት።

«ያስቀረኸው ነገር አለ?»

«የለም።»

መድኃኒቱን የጫኑት መኪኖች ከመጋዘኑ ሳይወጡ ተያዙ። ጋሼን ከነጃንጥላው ቤቱ አገኙት። ብሎን ይህን ሁሉ የሰማው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሱቅ ውስጥ፣ ሌላ ቅጽል ስም ከወጣለት በኋላ ነው። እዚህ «ዝምታው» ይሉታል።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ አምጥታ ሄደች። የስልኩን ሽፋን ሲያወልቅ ከሥሩ በጋሼ መሐረብ ቁራጭ የተጠቀለለች ካርድ አገኘ። ያቺው ናት። የላከችለት የላውንድሪዋ ሴት ካርዷ ላይ ምን እንዳለ ሳታውቅ አልቀረችም። ወይም ደግሞ ንብረት ለባለቤቱ ይመለስ ብላ ይሆናል። ባለቤቱ ግን እሱ አይደለም። ሽማግሌው ናቸው፣ ተበዳሪያቸው እንደጠፋ የቀረባቸው።

ሱቁ ሲዘጋ ካርዷን ይሰካታል። አንድ ቀን ስልክ ላይ፣ አንድ ቀን ታብሌት ላይ። ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ «ይህን ካርድ ማንበብ አልተቻለም። አጽድቼ ልጠቀምበት?»

«ከስተሃል አሉ» ትለው እንደነበር ያስታውሳል። ቃሉን ያስታውሳል፣ የስፌት መኪናውን ኳኳታም ያስታውሳል። ድምጿን ነው ያጣው።

«አይ» የሚለውን ይጫናል። ካርዷን ነቅሎ፣ መብራቱን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ፈልጎ ይወጣል።