ከመጨረሻው መስኮት ጀርባውን የሰጠው ልጅ

የምነግራችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው። "እንቅልፍ አጥታ ቅዠት አይታ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። አልፈርድበትም። ታላቅ እህቴም መጀመሪያ ያለችው ይህንኑ ነበር...

ቀኑ ማክሰኞ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ጠራራ ፀሐይ ነው። ጨለማ የለም፣ መብራት አልጠፋም፣ በር ሲጥጥ አላለም።

ሥራዬ አሮጌ መጫወቻ ማደስ ነው። እህቴ፣ ሰው ቤት ሲለቅ የሚጥለውን አሻንጉሊት እየዞረች ትለቅማለች። እኔ አጥባለሁ፣ ዝገት አራግፋለሁ፣ የተሰበረውን እጠግናለሁ። ከዚያ እሷ ለሰብሳቢዎች ትሸጣለች። የምንሠራው እኔ ቤት፣ ከመኝታ ቤቴ ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ነው።

ክፍሏ የልጄ ነበረች።

ስድስት ዓመቱ ነበር። ድንቡሼ ነበር የምንለው። ከዐሥራ አንድ ወር በፊት በራፍ ላይ እየተጫወተ ሳለ፣ እሳት ላይ የጣድኩትን ላማስል ገባሁ። ስመለስ የለም።

ያልጠየቅኩት ሰው፣ ፎቶውን ያልለጠፍኩበት ግድግዳ የለም። ባለቤቴ በመጨረሻ "ይብቃሽ፣ እርማችንን እናውጣ" አለኝ።

"ሬሳውን ላላየሁት ልጅ እርም አላወጣም" አልኩት። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራንም።

የዚያን ማክሰኞ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የቆርቆሮ አውቶቡስ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል። ውስጡ ያለው የብረት ሞላ በቁልፍ ሲጠመዘዝ ይሄዳል። ተሳፋሪዎቹ መስኮቶቹ ላይ በቀለም የታተሙ ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ቀለም ችኮላ አይወድም። ጥጥ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክሮ፣ በስሱ መጥረግ ነው። እጅ ከከበደ ከቆሻሻው ጋር ቀለሙም ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ደግሞ አለቀለት።

አንድ በአንድ ጠረግኳቸው። ባርኔጣ ያጠለቀ ሰውዬ። ጋዜጣ የያዘች ሴት። አፉን ከፍቶ የተኛ ወፍራም... ሰባት ሰው።

የመጨረሻው መስኮት ላይ ያለው ባዶ ወንበር ነው። እህቴ ሳይጸዳ ባነሳችው ፎቶ ላይም ባዶ ነው።

ጥጡን አንዴ አሳለፍኩበት...

ጭንቅላት ወጣ።

ትንሽ ጭንቅላት። ጀርባውን ሰጥቶ የተቀመጠ ልጅ።

ማጉያ መነጽሬን አነሳሁ። ልጁ ቢጫ ሹራብ ለብሷል። አንገቱ ጋ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለ።

ድንቡሼ በጠፋበት ቀን ቢጫ ሹራብ ነበር የለበሰው። አንገቱ ተተርትሮ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ቢጫ ክር አልቆብኝ፣ በአረንጓዴ።

"እትዬ!... ነይ! ቶሎ ነይ!"

እህቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። አየች። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አየች። አውቶቡሱን ደግማ አየች።

"አቧራ ሸፍኖት ነው" አለች።

"ፎቶው ላይ ወንበሩ ይታያል እኮ።"

"...ይታያል።"

"አንገቱን እዪው።"

አየችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ በሹክሹክታ፦

"የኔ እናት፣ ጨርቅ ጣል አድርጊበትና ተነሺ። አሁኑኑ።"

"አንዴ ብቻ ልጥረገው። ዞር ካለ አውቀዋለሁ።"

"ምኑ ነው የሚዞረው? ቀለም እኮ ነው!"

ጠረግኩት።

ጆሮ ወጣ። ቅድም ጆሮ አልነበረም። ልጁ ራሱን ወደ እኛ ትንሽ መለስ አድርጓል...

ደስታዬን መናገር አልችልም። ሳቅኩ መሰለኝ። እህቴ ግን የምታየው እጄን ነበር።

"ጥጡን ገልብጪው" አለች።

ገለበጥኩት።

ቢጫ ሆኗል።

በጠረግኩት ቁጥር ይዞራል። በጠረግኩት ቁጥር ይጠፋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። አውቶቡሱን ሊያዩ የቀጠርናቸው ሰብሳቢ ናቸው። ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፣ ደንበኛችን። እህቴ ሳትከለክላቸው ገብተው አውቶቡሱን አነሱት። አገላበጡት። ፊታቸው ፈካ...

ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ።

"ልጄ" አሉኝ። "ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?"

"ጋሼ... ጀርባውን ነው እኮ የሰጠው። ማልቀሱን በምን አወቁ?"

"ፊቱን መች አየሁት። እየሰማሁት ነው እንጂ።"

አውቶቡሱን እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ይመስል ቀስ ብለው አስቀመጡት። ደህና ዋሉ እንኳን ሳይሉን ወጡ።

ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጠፍኩ። ትንፋሼን ያዝኩ።

ምንም።

"እትዬ፣ አንቺ ይሰማሻል?"

ግድግዳውን ተደግፋ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

እናቱ ነኝ። ዘጠኝ ወር ተሸክሜዋለሁ። በእንቅልፉ ሲያጉረመርም እንኳን ከሌላ ክፍል ሆኜ የምሰማው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ባዳ የሰማውን እኔ አልሰማሁም። እስከ ዛሬም አልሰማሁም።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ባለቤቴ ወንድሙ ጋ ሄዷል። "የምተኛበት ቤት ውስጥ ልጅ ያለቅሳል" ብሎ ነው የወጣው። እህቴ በስልክ ነው የምታገኘኝ።

"ተይው" ትላለች። "በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ተይው። ጨርሰሽ ልታጠፊው ነው።"

"ፊቱን ሳላየው?"

ስልኩን ትዘጋብኛለች።

በቀን አንዴ ብቻ እጠርጋለሁ። አንድ ጊዜ፣ በስሱ። መጀመሪያ ጉንጩ መጣ። ከዚያ የአፍንጫው ጫፍ። ሹራቡ አሁን ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አረንጓዴው ክር ከትናንት ወዲያ ጠፍቷል።

ዛሬ ጠዋት የግራ ዓይኑ መጣ።

እሱ ነው። ልጄ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ እያየኝ ነው!

ጥጤን ጣልኩና ተንበርክኬ አለቀስኩ። ስልኬን አንስቼ ይህንን መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅልኝ ብዬ።

እየጻፍኩ ቀና አልኩ...

ትከሻው ላይ የአዋቂ እጅ አለ።

ከኋላው ወንበር የለም። የመጨረሻው መስኮት ነው፤ አውቶቡሱ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። ዛሬ ደግሞ ጥጥ ያሳለፍኩት አንዴ ብቻ ነው።

አሁን እንደገና ቀና አልኩ።

የአዋቂው እጅ ከትከሻው ተነስቷል። ጣቶቹ አገጩን ይዘውታል... ፊቱን ቀስ አድርገው ከእኔ ወደዚያ እየመለሱት ነው።