አምስት ማርክ ያለው ቡጢ

«ማነው ይሄን የጨመረው?»

ጢኖ ወረቀቱን በጓደኛዋ በዲክሽነሪ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። እሷን ጢኖ ያሏት ከክፍሉ በቁመት ስለምታንስ ነው፤ ጓደኛዋን ደግሞ ዲክሽነሪ ያሏት እንግሊዝኛ አሳምራ ስለምትችል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«እኔ ነኛ! ታይፕ ሳደርግልሽ አስገባሁት። የሳምንቱን ሐረግ ረስተሽው ነበር እኮ።»

የእንግሊዝኛ መምህራቸው ሰኞ ሰኞ ሰሌዳው ጥግ ላይ አንድ ሐረግ ይጽፋል። በጽሑፉ ውስጥ በትክክል ላስገባው ተማሪ አምስት ማርክ ይሰጣል። የዚህ ሳምንቱ «ፓክስ ኤ ፓንች» ነበር። ቡጢ አለው እንደማለት ነው፤ አነስ ብሎ ኃይለኛ ለሆነ ነገር ይባላል። አንዱ ስለ ዝንጅብል ሻይ ጻፈበት፣ ሌላው ስለ ድንክ በረኛ።

ጢኖ የጻፈችው ስለ አባቷ ነው። አባቷ ጎሚስታ ነው። ባለፈው ዓመት የሚኒባስ ጎማ ሲነፋ ጎማው አጠገቡ ፈነዳ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ጆሮዎቹ አይሰሙም። ዲክሽነሪ ታዲያ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰክታለች፦ ጎማው ትንሽ ነበር፣ ቡጢው ግን ሌላ!

መምህሩ ዛሬ ጠዋት ያቺኑ ለይቶ ጮክ ብሎ አነበባት። «አጠቃቀም ማለት ይሄ ነው!» አለ። ክፍሉ ሳቀ፣ አጨበጨበም። የጢኖ ደም ፈላ።

«አባቴን መሳቂያ አደረግሽው!»

«ኧረ በናትሽ! ስህተት አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? አርባ ሰባት የነበርሽው ሃምሳ ሁለት ገባሽ። አለፍሽ እኮ! ለአንቺ ብዬ ነው።»

እውነቷን ስለሆነ ጢኖ የባሰ ተናደደች። ማለፊያው ሃምሳ ነው። የወደቀ ክረምቱን ሙሉ ተመልሶ ይማራል። ግን ጽሑፎቹ ኮሪደር ላይ ሊሰቀሉ ነው፣ ነገ ደግሞ የወላጆች ቀን ነው። አባቷ መስማት ካቆመ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ያነባል፤ እንግሊዝኛ ከሆነም መዝገበ ቃላት ይዞ ቃል በቃል ይፈታዋል። ያቺንም ሳይፈታ አያልፋትም።

ዲክሽነሪን እዚያው ገትራት መምህራን ክፍል ገባች።

«ቲቸር፣ ይቺ ዓረፍተ ነገር ትውጣልኝ።»

«ለምን? በትክክል ነው የገባችው።»

«ትክክል ናት፤ ግን ታስቃለች። ያን ቀን ቤታችን ማንም አልሳቀም።»

መምህሩ የማርክ መዝገቡን ገለጠ። «ካወጣሻት አምስቱም ይወጣል። ለሁሉም ያወጣሁት ሕግ ነው። ትወድቂያለሽ።»

«ይውጣ!»

ድምጿ እሷኑ አስደነገጣት። ሌሎቹ መምህራን ዞር ብለው አዩዋት። እስክሪብቶ ተውሳ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ሰረዘች፤ ከዚያም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ከላይ ጻፈችበት፦ «ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳወራ አባቴ አፌን ነው የሚያየው።»

መምህሩ አነበበ። ሃምሳ ሁለቱን ሰርዞ አርባ ሰባት ሲጽፍ ጢኖ ቆማ አየች። ወረቀቱን ተቀበለችው፣ ከጠረጴዛው ላይ አራት ስፒል አነሳች፣ አንድ ወንበር እየጎተተች ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በአባቷ ቁመት ልክ ሰቀለችው።