ያልተያያዙት ሁለት ሽቦዎች

«ፍሬኑን ይዤው ነበር» አለ እንዳላማው ለአራተኛ ጊዜ።

ሽማግሌዎቹ መደቡ ላይ እንደተቀመጡ ተያዩ። አባቱ ጋሽ ውበቱ ግን ጮኹበት። «ይዘኸው ከነበረ መሪጌታን ማን ጣላቸው? ሰይጣን ነው የነዳው?»

«ይዤው ነበር አባባ! የፊቱ ጎማ ግን መጎተቱን አልተወም። እንደ እልኸኛ በቅሎ ነው የሆነብኝ።»

«በቅሎም ልጓሟን ሲይዟት ትቆማለች» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ አምደሚካኤል፣ ሳይቆጡ። የሚያስፈራውም አለመቆጣታቸው ነበር። ሰው ልቡ ከፈረደ በኋላ አይቆጣም።

ትሕትና ከእናቷ ከሥራነሽ ጎን በሩ አጠገብ ቆማለች። ጎረቤት ስለሆኑ ነው የመጡት። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች፤ የጥቁር ናስትሮ ሙጫ ሦስት ቀን በሳሙና ብታሸው ከጣቶቿ አልለቅ ብሏል።

ከሌሎቹ ሽማግሌዎች አንዱ ድንገት ቀና አሉ። «ይህችስ? ሽቦውን የሠራችው እሷ ናት ሲባል ሰምቻለሁ።»

ትሕትና አፏን ከፈተች። እናቷ ቀደመቻት። «ኧረ አባቴ! ሴት ልጅ ስለ ሽቦ ምን ታውቅና? ባትሪ ስታበራለት ነው ያመሸችው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጥያቄው በዚያው አለቀ። እንዲህ ቀላል ነበር። እንዳላማው ቀና ብሎ ትሕትናን አያት። ባትሪ ሲያበራ ያመሸው እሱ ነበር።

ከዚያ ፍርዱ ተነገረ። ቅዳሜ ጠዋት እንዳላማው ድንጋይ ተሸክሞ መሪጌታ አካለ ወልድ ደጅ ይንበረከካል። እርቁ ካለቀ በኋላ ቁይ ገጠር ወዳለው አጎቱ ዘንድ ይላካል፤ ልቡ እስኪረጋ እርሻ ያርሳል። ትምህርቱስ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። የሰፈሩ ቧንቧ ከተቋረጠ ሁለት ወር አልፎታል፤ ሰው ሁሉ የሚቀዳው ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ምንጭ ነው። ሲመለሱ ያለው ዳገት ደግሞ ለጎልማሳም ጉልበት አይራራም፤ እንኳን ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ። መንገድ ሠሪዎች ካምፓቸውን ሲነቅሉ ጥለዋቸው ከሄዱት ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች አንዱን ትሕትናና እንዳላማው ጠገኑ። ሁለት ጀሪካን ሲጭኑበት ሞተሩ ዳገቱ ወገብ ላይ ቀጥ አለ።

«የሁለተኛውን ብስክሌት ሞተር ፊት ብንገጥመውስ?» ያለችው ትሕትና ናት። እንዳላማው ብረቱን አስበየደ፤ ሽቦው የእሷ ድርሻ ሆነ። ለየሞተሩ የየራሱ ባትሪና የየራሱ መቆጣጠሪያ ሣጥን፣ ለሁለቱም ግን አንድ የእጅ መጠምዘዣ። ነዳጅ የሚባል ነገር ሳይኖረው «ነዳጅ መስጫ» ይሉት ነበር፣ እየሳቁ። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሲመዘገቡ መምህሩ «እንዳላማው እና ረዳቱ» ብሎ ጻፈ። ትሕትና ጠረጴዛው ፊት ተገትራ አሰረዘችው።

መጠምዘዣው አሮጌ ስለሆነ ሲለቁት አንዳንዴ አይመለስም። ስለዚህ ፍሬን ሲያዝ የሁለቱም ሞተር ኃይል መቆረጥ አለበት፤ ከፍሬኑ የሚነሱት ሽቦዎች ሁለቱም ሣጥኖች ድረስ መሄድ አለባቸው። የኋለኛውን አገናኘች። የፊተኛው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አጠሩ። በኤሌክትሪክ መበየጃ ካውያ ልትቀጥላቸው ስትል መብራት ጠፋ። ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ አልመጣም። በመጨረሻ የሽቦዎቹን ጫፍ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልላ ከሌሎቹ ጋር አብራ አሰረቻቸው። ላየው ሰው ያለቀ ይመስላል።

«ፍሬኑ ለሁለቱም ሆነ አይደል?» አላት እንዳላማው።

«አዎ» አለችው።

ጠዋት ማንም ሳያይ እጨርሰዋለሁ ብላ ነው። ያን ሁሉ ተሟግታ ስሟን ካስጻፈች በኋላ «አልጨረስኩም» ማለት ሞት መሰላት። አይ ልጅነት! ማን በነገራት ኖሮ። እሱ ግን ጎህ ሲቀድ ባዶ ጀሪካኖቹን ጭኖ ወጣ። ሜዳው ላይ መጠምዘዣውን አዞረ፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር ለቀቀው፤ አልተመለሰም። ፍሬኑን ሲይዝ የኋላው ሞተር ብቻ ጠፋ። መሪጌታ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ ደረሰባቸው።

ዳሌያቸው ተሰበረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማኅሌት ቆመው ያደሩ ሰው ከእንግዲህ ያለ ደጋፊ እንደማይቆሙ ሐኪሙ ተናገረ። ተማሪዎቻቸውም አንድ በአንድ ሌላ ጉባኤ ቤት ፍለጋ መበተን ጀምረዋል።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንዳላማው አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ደብተሮቹን ሲለይ አገኘችው።

«እንቺ፣ ውሰጃቸው። ፊዚክሱን አሪፍ አድርጌ ነው የጻፍኩት።»

«አታካብድ፤ ትመለሳለህ።»

«ባክሽ! አባባን አታውቂውም? አጎቴ ዘንድ የገባ ሰው ከበሬ ጭራ አይላቀቅም።»  የመጨረሻውን ደብተር አቀበላትና «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትስቂብኝ» አላት።

«አልስቅም።»

«ምናልባት ፍሬኑን አልያዝኩት ይሆናል።»

ትሕትና ደብተሮቹን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«መጀመሪያ እርግጠኛ ነበርኩ» አለ መሬት መሬት እያየ። «አሁን ግን ተኝቼ ሳስበው እጄ የት እንደነበረ ይጠፋብኛል። ሰው ሁሉ ‹አልያዝክም› ሲል እኔ ብቻ ልክ ልሆን ነው? ሽቦውም ቢሆን ችግር የለበትም፤ አንቺ ነሻ የሠራሽው።»

«ይዘኸዋል» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«አንቺ ደግሞ የት አየሽኝና!»

ደብተሮቹን ይዛ ሄደች። ቤት እንደገባች ለእናቷ ተናገረች፤ መብራት መጥፋቱን፣ ናስትሮውን፣ «አዎ» ማለቷን፣ ሁሉንም።

ሥራነሽ አልደነገጠችም። በሩን ዘጋች። «ያን ቀን ጠዋት አመድ መስለሽ ስትገቢ ነው ያወቅሁት። ስሚኝ ልጄ፣ ይህን ከእኔ ሌላ ጆሮ አይስማው። እሱ ወንድ ነው፤ ሁለት ክረምት ያርስና ይረሳለታል። አንቺን ግን ‹መሪጌታን የሰበረችው› ብለው ከጠሩሽ ስሙ አብሮሽ ያረጃል። ደግሞ አንቺ ስለተናገርሽ እሳቸው ተነሥተው አይሄዱ!»

«እንዳላማውስ እማዬ?»

«ለእሱ እግዚአብሔር ያውቅለታል።»

ክፉ ሴት ሆና አይደለም። በሩን ስትዘጋ መወርወሪያውን ሁለት ጊዜ ስታ ነው በሦስተኛው ያስገባችው። አንድ ልጅ ያላት እናት ፍርሃቷ ምን ወሰን አለው!

ቅዳሜ ጠዋት ጉም ሰፈሩን እንደሸፈነ ሰው ተሰበሰበ። አቶ አምደሚካኤል ከፊት፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ እንዳላማው በባዶ እግሩ፣ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አባቱ ዓይናቸውን ወደ አጥሩ አዙረዋል። ሴቶቹ ራቅ ብለው ይከተላሉ። ሥራነሽ የልጇን ክንድ ጨብጣ ይዛለች፤ እንዳትወድቅ የደገፈቻት ይመስላል።

መሪጌታ ደጅ ሲቃረቡ ከውስጥ የሕመም ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ሊያገላብጣቸው ነው መሰል። እንዳላማው ቆመ። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ሲያስተካክል ትሕትና አየች። ሌሊቱን ሙሉ ስትፈልጋቸው ያደረቻቸው ቃላት አንዳቸውም አልመጡላትም። ጎንበስ አለችና ጫማዋን አወለቀች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች ሥራነሽ በሹክሹክታ።

«ልቀቂኝ እማዬ።»

«ሰው ያይሻል!»

«ይየኝ። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።»

የእናቷ ጣቶች ጠበቁ። ከዚያ፣ ትሕትና ሳትታገላቸው፣ ቀስ በቀስ ላሉ።

ከመንገዱ ዳር የፈራረሰ ካብ ነበር። ትሕትና ከላይ ያገኘችውን ድንጋይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ቀለላት። ወደ ካቡ መለሰችውና ትልቁን ለማንሣት በሁለት እጇ ጎንበስ አለች።