ሠላሳ አንድ እንቁላል

ኤሊና እባብ አርቢው በእንቁላል ክፍሉ ወለል ላይ፣ ስስ ፍራሽ ላይ እንደተጋደመ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ያለው የእፉኝት ሳጥን ክዳን ተከፍቷል። ይህን የሰማ ጎረቤት ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ እባብ ነው፣ አለቀ። መርማሪዋ ስትደርስ ሰዉ ሁሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። በእባብ የተነደፈ በልጥ ይደነግጣል ይባላል፤ ይህ ሰፈር ግን ሳይነደፍም በጫማ ማሰሪያ የሚደነግጥ ነው።

ብቻዋን ገባች። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ሆኖታል፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ክፍሉ በረዶ ሆኗል። መደርደሪያው ላይ ሠላሳ አንድ የኤሊ እንቁላል አሸዋ ውስጥ ተደርድሯል፤ ዙሪያውን የሞቀ ውሃ የነበረባቸው ጠርሙሶች ቀዝቅዘው ቆመዋል። የሟቹ ከንፈርና ጥፍር ደማቅ ቀይ ነበር። ገላውን አገላብጣ ብትፈትሸውም አንድ የጥርስ ምልክት አላገኘችም። ከዚያ ማንም ያልደፈረውን አደረገች፤ አጎንብሳ ሳጥኑ ውስጥ አየች። እፉኝቷ በብርድ ደንዝዛ፣ ተጠቅልላ ተኝታለች። መርማሪዋ ክዳኑን ዘጋችና የሐኪሙ ውጤት እስኪመጣ ለማንም ላለመናገር ወሰነች።

የሟቹ ሚስት ሳሎን ተቀምጣ እጇን እጇን ታያለች።

«እፉኝቷን ጠዋት የመገብኳት እኔ ነኝ» አለች። «ክዳኑን የዘጋሁት ይመስለኛል። መብራቱን እንዲቀጥሉልን መብራት ኃይል ልለምን እየተጣደፍኩ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ሞቷል።»

«እቤት ማን ነበር?»

«እሱና ጋሼ ብቻ።»

ጋሼ የምትለው የባሏን ታላቅ ወንድም ነው። ሃያ ዓመት ዶሮ ሲያረባ ኖሮ ዶሮዎቹን በሽታ ሲጨርስበት፣ ታናሹ ባዶ እጁን አላስቀረውም፤ እዚህ የእንሽላሊትና የኤሊ እርባታ ውስጥ አስገባው። አሁን አጠገቧ ሆኖ ውሃ ያጠጣታል።

«በራስሽ ላይ አትፍረጂ» አላት። «ሰው ነሽ፤ ሰው ይረሳል።»

መርማሪዋ ይህን አባባል ልብ አለችው። አልረሳሽም አላላትም።

«እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ጓሮ፣ የእንሽላሊት ሳጥን በምስማር ስመታ።»

«እንቁላል ክፍሉ አልገቡም?»

«ኧረ አልገባሁም። ጠርሙስ ሲቀያይር ሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ይተኛ ብዬ ተውኩት።»

«በከሰል ማሞቅ አይቀልም ነበር?»

ሚስት ቀና አለች። «እሳት እዚያ አይገባም፤ የመጀመሪያው ሕጋችን ነው። ሁለተኛው፣ እንቁላል አይነካም። ኤሊዋ ስትጥል ወደ ላይ የነበረው ጎን ላይ በእርሳስ ነጥብ እናደርጋለን። ነጥቡ እስኪፈለፈሉ ሰማይ ማየት አለበት። ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል። እስኪጣሉ ሁለት ዓመት ጠበቅናቸው። የእንስሳት ማቆያው ጫጩቶቹን ከእኛ ሊረከብ ቃል ገብቷል። ከእነሱ በቀር የቀረኝ ነገር የለም።»

የቀረው ተጠርጣሪ የአጥር ተጋሪያቸው ጡረተኛ ነው፤ ግቢው ይዘጋልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ አመልክቷል።

«እጠላቸው ነበር፣ አልክድም» አለ። «ግን እዚያ ግቢ ከምገባ መቃብሬን ብቆፍር ይሻለኛል።»

መርማሪዋ ከኪሷ እባብ የጣለውን ቆዳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችለት። ጡረተኛው ወንበሩን ጥሎ ደጅ ተገኘ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ቢባልም እሱን ከዚያ በላይ አልጠረጠረችውም።

ተመልሳ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ንጹሕ ነጭ ናቸው፤ ነጥብ የለም። አንዱን አነሳች። ነጥቡ ከሥር ነበር። ከፍራሹ ራስጌ ደግሞ የፕላስቲክ ምንጣፉ ሦስት ቦታ ቀልጧል። ማን እንደሆነ አሁን አውቃለች።

በሦስተኛው ቀን ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጡረተኛው ከደፉ አላለፈም።

«እባብ አልገደለውም» አለች። «ነድፎ፣ ተመልሶ፣ ቤቱ ገብቶ የሚተኛ እባብ አላውቅም። እፉኝቷ ከሳጥኗ አልወጣችም። ክዳኑ የተከፈተው ክፍሉ ቀዝቅዞ እሷ ከደነዘዘች በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለ ጡረተኛው።

«ከሰል አፍኖት ነው፤ ከንፈሩን ያቀላውም እሱ ነው፤ ሐኪሙ አረጋግጧል። ምድጃው ወደ ማድ ቤት ተመልሷል፤ ሦስቱ እግሮቹ ግን ምንጣፉ ላይ ፈርመዋል። መስኮቱም የተከፈተው አየሩን ለማስወጣት ነው። ማን አስገባው? እርስዎ ያን ደፍ አይሻገሩም። እሷ መብራት ኃይል ወረፋ ላይ ነበረች፤ ያዩዋት አሉ።» አንድ እንቁላል አነሳች። «ሠላሳ አንዱም ተገልብጠዋል፤ አንድ እንኳ አልተሰነጠቀም። የሠራው የለመደ እጅ ነው። የዶሮ እንቁላል ካልተገላበጠ አይፈለፈልም፤ ጫጩትም በከሰል ይሞቃል። አመል ያወጣል ከመሀል። ሕጉን ያውቁታል፣ ጋሼ። እጅዎ ግን አያውቀውም።»

ታላቅ ወንድም ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ተኝቶ ሳየው አሳዘነኝ» አለ። «ውሃው ቶሎ ቶሎ እየቀዘቀዘ አስቸገረ። ትንሽ ላሙቅላቸው ብዬ ነው። መቼ እንደገለበጥኳቸው እንኳ አላውቅም። ከጓሮ ስመለስ አይተነፍስም። ወንድሜን ገደልኩ ማለት አቃተኝና ክዳኑን ከፈትኩት። የመገብሻት አንቺ መሆንሽ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።»

«ኋላ መቼ?» አለች ሚስት።

«አንቺ ስትጮኺ።»

«እኔ ገደልኩት ስል ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ጋሼ። ሦስት ቀን እንባዬን ስትጠርግልኝ ነበር።»

ፖሊሶች ጋሼን ደግፈው ሲያወጡት እሷ መደርደሪያው ጋ ቆማ የሞቱትን እንቁላሎች ታያለች። መርማሪዋ ቢያንስ ይህቺን ሴት ከሸክሟ አሳርፋታለሁ ብላ ነበርና ጠጋ አለቻት።

«ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ እህቴ።»

«ገባኝ» አለች ሚስት ሳትዞር። «ጥፋቱ የኔ በነበረ ጊዜ ግን ወንድም ነበረኝ።»