ኦርቪየቶ ላይ የማይወርደው መንገደኛ

ፖስታው በስፖርት ጋዜጣ ውስጥ ተጠቅልሏል።

ኦርኔላ ጋዜጣውን ከማኪያቶዋ አጠገብ አስቀመጠችና እጇን ሰበሰበች። አርብ ቀትር ነው። የሮማ ባቡር ጣቢያ ቡና ቤት በመንገደኛ ጢም ብሏል። አጠገቧ ባንኮኒውን ተደግፎ የቆመው ባለ ግራጫ ካፖርት ሽማግሌ ስኳሩን እያማሰለ፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«የት ይወርዳል?»

«ኦርቪየቶ።»

«ስንት ሰዓት?»

«ነገ ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት። ቡናማ ባርኔጣ ያደርጋል። ብቻውን ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቢሮ ነኝ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን እንሠራለን።»

«ጎበዝ። ሁለት ሰዎቼ ይቀበሉታል።» ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ለመሄድ ዞር ካለ በኋላ ቆም አለ። «ከስተሻል። ትንሽ ብዪ እንጂ።»

ወጣ።

ኦርኔላ ማኪያቶዋን እስከ መጨረሻው ጠጣች። ለሽማግሌው፣ ለኮሎኔል ዱራንቴ፣ ስትዋሽ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ኮሎኔሉ በስለላ ድርጅቱ ውስጥ አለቃዋ ነው። የምስጢር ስሙ «አጎት»፣ የእሷ ደግሞ «ጃርት»። ለሥራው የመለመላት እሱ ነው። አባቷ ሲሞት የሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱም እሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በዛንኪ የጉዞ ቢሮ ጸሐፊ ሆና እንድትገባ ያደረጋትም እሱ ነው። ቢሮው ላዩን ሲያዩት ለባልና ሚስት የቅዳሜና እሁድ ሽርሽር ያዘጋጃል። ባለቤቱ ዛንኪ ግን ከጀርባ መሣሪያና ፈንጂ ይሸጣል። ኦርኔላ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰላማዊ ሰዎችን ወደ ተራራ ከተሞች በባቡር ስትልክ ኖረች። በየማታው ደግሞ የዛንኪን ደንበኞች ስም በቃሏ እየያዘች ታወጣለች።

በሰኔ ወር አንድ የዛንኪ ሹፌር ሊመሰክር ተነሥቶ መንገድ ላይ ሞተ። በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሟቹ፣ ኦርኔላና ኮሎኔሉ።

ምናልባት የቢሮው ስልክ ተጠልፎ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ለማጣራት ግን፣ አሁን የመመስከሩ ተራ የኢንጂነር ኤቶሬ ቦንፊሊ ሲሆን፣ ጉዞውን በሦስት ዓይነት ጻፈችው። በቢሮው መዝገብ ላይ ስፖሌቶ ይወርዳል አለች። ለኮሎኔሉ ኦርቪየቶ አለችው። እውነተኛው ጉዞ ግን ከሁለቱም ሌላ ነው፤ ቴሮንቶላ ላይ ባቡር ይቀይርና ፔሩጃ ይገባል። እዚያ አንድ መርማሪ ዳኛ ከራሱ ፖሊሶች ጋር ይጠብቃል። የኢንጂነሩን መኪና የዛንኪ ሰዎች ይከታተሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ ለሽርሽር ባቡር የሚሳፈርን ሽማግሌ ግን ማንም ልብ አይለውም።

እንዲህ ብላ ነበር ያሰበችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ባቡሩ ሮማን ለቀቀ። ኦርኔላ ለቢሮው አሞኛል ብላ ደውላለች። ኢንጂነሩ በሁለተኛው ፉርጎ በመተላለፊያው በኩል ተቀምጧል። ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። እሷ በጽሕፈት መኪና የጻፈችለትን የጉዞ ፕሮግራም ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ ያነባል።

«ኮርቶና ላይ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሰጠሽኝ?»

«ኢንጂነር፣ ኮርቶና አንሄድም። እሱ ሰው ቢያየው ተብሎ የተጻፈ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ለሁለት ሰዓት ብሎ ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣ ማን ነው? ደግሞ በምሳ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ታስገቢኛለሽ።» ወረቀቱን አጠፈው። «ሚስቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹አንድ ቅዳሜ በባቡር ውሰደኝ› እያለች ኖረች። እኔ ሁልጊዜ ሥራ አለኝ። ሥራዬ ምን እንደነበር አሁን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ኢንጂነሩ ለዛንኪ የፈንጂ ሰዓት መቆጣጠሪያ ይሠራ ነበር። ለድንጋይ ማውጫ ነው ብለውታል። ባለፈው ጸደይ በአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ አሥራ አንድ ሰው ሞተ። የስብርባሪው ፎቶግራፍ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሽማግሌው ሽቦው የተበየደበትን መንገድ ሲያይ የገዛ እጁን ሥራ ለየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

አራት ሰዓት ሲሆን ባቡሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ወደ መስኮቱ አይጠጉ» አለችው።

ኦርቪየቶ ከላይ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጣቢያው ከሥር ነው። ኦርኔላ መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርጋ ተመለከተች። አንዲት መነኩሲት። ብስክሌት የያዘ ወታደር። ከሰዓቱ ሥር ሁለት ወንዶች ቆመዋል። አንዱ ቀጭን ነው፤ አታውቀውም። ሌላው ዘወር አለ።

ቱሊዮ ነበር።

የዛንኪ አዲሱ ሹፌር። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ጃንጥላዋን የጠገነላት ሰው።

ክው አለች። ኦርቪየቶን ከራሷ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለማዘን ግን ጊዜ አልነበረም። ቱሊዮ የሚወርዱትን አንድ በአንድ አየ። ባለ ቡናማ ባርኔጣ የለም። ለቀጭኑ በአገጩ ምልክት ሰጠው።

ሁለቱም ከኋላ ተሳፈሩ።

«ይነሡ» አለች።

«መጡ እንዴ?»

«ይነሡ፣ ኢንጂነር። ባርኔጣዎን ይስጡኝ። ሻንጣውንም።»

ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ የዕቃ ፉርጎ አለ። በሩ ላይ ሪዛም የሆነ ወፍራም ቲኬት ተቆጣጣሪ ቆሞ ፖም ይበላል። ኦርኔላ ክንዱን ያዘችው።

«አባቴ ነው። ሁለት ሰዎች ሊደበድቡት ከኋላ እየመጡ ነው። የእህቴ ባል ወንድሞች ናቸው።»

«ምን አደረጋቸው?»

«እህቴን ከባሏ ወስዶ ወደ ራሱ ቤት መለሳት።»

ተቆጣጣሪው ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው። «በእኔ ባቡር ሽማግሌ አይደበደብም። ግቡ፣ አባት። እዚያ የወይን ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ።»

ኦርኔላ ወደ ኢንጂነሩ ጆሮ ጠጋ አለች። «ከቺውሲ በኋላ ሁለተኛው ፌርማታ ቴሮንቶላ ነው። ይውረዱ። የፔሩጃው ባቡር ሦስተኛው ሐዲድ ላይ ይቆማል። አሥራ አንድ ደቂቃ አለዎት፤ አይሩጡ። የሰጠሁዎትን፣ በኪስዎ ያለውን የታሸገ ደብዳቤ ለዳኛው በእጁ ይስጡት። ብቻዎን ነው የመጡት። ማንም ቢጠይቅ ብቻዎን።»

«አንቺስ?»

«እኔ ቺውሲ እወርዳለሁ።»

«ፕሮግራሙ ላይ የለም እኮ።»

«አሁን ገባ።»

በሩን ዘጋችና ወደ ኋላ ተመለሰች። ባርኔጣውን በቀኝ፣ ሻንጣውን በግራ ይዛለች። ወደ ሰዎቹ ነበር የምትሄደው።

በአራተኛው ፉርጎ መተላለፊያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ኦርኔላ?» የቱሊዮ እጅ ወደ ጃኬቱ ውስጥ ገባ።

«አርፍዳችኋል» አለች። «ሰውዬው ጉዞውን ቀይሯል።»

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አጎት ነው የላከኝ።»

ያን የምስጢር ስም የማያውቅ ከሆነ አበቃላት።

ቱሊዮ ዓይኑን ሳይነቅል አያት። ከዚያ ትከሻው ላላ አለ።

«ኮሎኔሉ ስለ አንቺ ምንም አልነገሩንም።»

«ለእኔም ስለ እናንተ አልነገሩኝም።» እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልቧ ውስጥ አንድ ቦታ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል የሚል ነገር ተደብቆ ነበር። ያ ተስፋም ሞተ።

«ሰውዬውስ?»

«ፈራ። ኦርቴ ላይ ወርዶ ፈጣኑን ባቡር ያዘ። ሻንጣውን እኔ እንዳመጣለት፣ ቺውሲ ላይ ወደ ሲዬና በምትሄደው ትንሽ ባቡር፣ በሊቶሪናዋ እንድሳፈር ነገረኝ። ሞንቴፑልቻኖ ይጠብቀኛል። ያምነኛል።»

ቀጭኑ ጣልቃ ገባ። «የቢሮው ወረቀት ስፖሌቶ ነው የሚለው።»

«የቢሮውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይኸውልህ።» የባቡር ሰዓት መጽሐፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠችና ጣቷን በቁጥሮቹ ላይ አስሮጠች። «ኦርቴ ሦስት ሰዓት ከአሥር። ቺውሲ ሦስት ከሃምሳ። አንብበው።»

«ተይው፣ እኔ በዚህ የቁጥር ጫካ አልገባም» አለ ቱሊዮ። «አንቺ ምሪን።»

ቺውሲ ደረሱ። ሊቶሪናዋ በማዶው ሐዲድ ላይ ቆማለች፤ ሁለት ፉርጎ ብቻ ናት። ተሻግረው ተሳፈሩ። ኦርኔላ በመስኮቱ ወደ ኋላ አየች።

ኢንጂነሩ ጭንቅላቱን ከዕቃው ፉርጎ አውጥቷል።

ራሰ በራውን ለፀሐይ ሰጥቶ እሷን ይፈልጋል። ቱሊዮ ወደ መስኮቱ እየዞረ ነው።

«ቱሊዮ፣ ይችን ሻንጣ ስቀልልኝ። ክንዴ ተገነጠለ።»

«ምን ጨምሮባት ነው ሰውዬው፣ ድንጋይ?»

«መጽሐፍ ነው መሰለኝ። አይ፣ በደንብ ግፋው። ይወድቃል።»

ሻንጣዋ መደርደሪያው ላይ እስክትደላደል ድረስ የማዶው ባቡር ፉጨቱን አሰማ። ተንቀሳቀሰ። ሄደ። ኦርኔላ ተቀመጠች።

ሊቶሪናዋ በወይን እርሻ መካከል ትንገጫገጭ ጀመር። ቀጭኑ ሁለቱንም ፉርጎ ፈትሾ ተመለሰና ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ድንገት ባርኔጣውን ከጭኗ ላይ አነሣው። ገለበጠው። ውስጡን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ርጥብ ነው» አለ።

«ምኑ?» አለ ቱሊዮ።

«ላቡ። ኦርቴ ላይ የወረደ ሰው ላቡ እስካሁን አይደርቅም?»

«ኦርኔላ» አለ ቱሊዮ ቀስ ብሎ። «ሰውዬው የት ነው?»

ባቡሯ በአንዲት ትንሽ ፌርማታ አጠገብ ልታልፍ ፍጥነቷን ቀንሳለች። የሚሳፈር የለም። አትቆምም።

ኦርኔላ የቀጭኑን ጉልበት በጫማዋ መታችውና ወደ በሩ ሮጠች። እጀታውን ጠመዘዘች። ንፋሱ ፊቷን ገረፋት። ቱሊዮ ከኋላ ደርሶ በሩን በሙሉ ኃይሉ መልሶ ወረወረው።

ግራ እጇ መሐል ላይ ነበር።

ድምፁን ሰማችው። ሕመሙ ገና አልመጣም። በሩን በትከሻዋ ገፍታ እጇን መነጨቀችና ዘለለች። ጠጠሩ ላይ ተንከባለለች። ቀና ስትል ቱሊዮ በሩ ላይ ቆሞ ሽጉጡን አውጥቷል። ከዚያ ዓይኑ ከእሷ አልፎ ሄደ። ከሐዲዱ አጠገብ ሃያ የሚሆኑ ወይን ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ያዩታል።

ሽጉጡን ወደ ኪሱ መለሰ። ሊቶሪናዋ በጥምዝምዙ ዞራ ጠፋች።

አንዲት ትልቅ ሴት ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ እጇን አሰረችላት። «ባልሽ ነው?» አለቻት።

«አይደለም።»

«ጎሽ። ባልሽ ቢሆን ትመለሽለት ነበር።»

በመንደሩ ቡና ቤት ስልክ አገኘች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ፔሩጃ ደወለች። የዳኛው ጸሐፊ፣ «ሰውዬው ደርሰዋል፣ ውሃ እየጠጡ ነው» አላት። ቀጥላ ሮማ ደወለች።

«አጎቴ።»

«የት ነሽ?»

«ኦርቪየቶን የነገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነበር።»

ከወዲያ በኩል የሳህን ድምፅ ይሰማል። ምሳ እየቀረበ ነው። በር ተዘጋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ኮሎኔሉ።

«ከሰኔ። ሹፌሩ ከሞተ ጀምሮ።»

«አራት ወር ሙሉ እጄን ስትጨብጪ ምንም አልታየብሽም።»

«እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«አንድ ቀን ስጪኝ። አንድ ቀን ብቻ። ሮዛልባ ከሰው እንዳትሰማ እኔ ራሴ ልንገራት።»

ሮዛልባ ሚስቱ ናት። በየገናው ለኦርኔላ የሱፍ ሹራብ ትሠራላታለች። ኦርኔላ የታሰረውን እጇን አየች። ሻሹ ቀልቷል።

«ኢንጂነሩ መናገር ጀምሯል» አለች። «ስለ እርስዎ የጻፍኩት ደብዳቤ ዳኛው እጅ ነው። እስከ ማታ ጊዜ አለዎት። አሁኑኑ ይንገሯት።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ነው ሕመሙ የመጣው።

እሑድ ጠዋት ዛንኪን ከአልጋው አስነሡት። ኮሎኔሉን የሄዱበት ፖሊሶች ሙሉ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። ቱሊዮ ሲዬና ጣቢያ ተያዘ። ቀጭኑ ግን የት እንደገባ አልታወቀም፤ ስሙን እንኳ የሚያውቅ አልተገኘም። ስለዚህ ኦርኔላ የምትባል ሴት ሮማ ወደሚገኘው ቤቷ አልተመለሰችም። ለአበቦቿም ውሃ የሚያጠጣ አልነበረም።

ማክሰኞ ዕለት በአንድ ተራራ ላይ በሚገኝ ትንሽ ሐኪም ቤት፣ ሁለት ጣት ያጣች አንዲት ሕመምተኛ መስኮቱ አጠገብ ተኝታለች። በካርዷ ላይ የተጻፈው ስም ቴክላ ሞሪ ነው። ጣቶቿ በወይን መጭመቂያ ተቆርጠው ነው ይላል።

በአጠገቧ አልጋ ያለችው አሮጊት ጋዜጣ እያነበበች ነበር።

«ይኸውልሽ፣ ቴክላ። አንድ የስልሳ አንድ ዓመት ሽማግሌ ነፍሰ ገዳዮቹን ሁሉ ሸውዶ ፔሩጃ ገባ። ‹የባቡር ሰዓት መጽሐፍ ገዝቼ ጉዞውን ራሴ አቀድኩት› ይላል። ፎቶውን እይው፣ ምስኪን፣ ዓይኑ እንባ አቅሯል።»

ቴክላ ጋዜጣውን በቀኝ እጇ ተቀበለችና ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። መልሳ ሰጠቻት።

«ረዳት አልነበረውም?» አለች።

«ማንም የለም። ብቻውን ነው።»

«ጎበዝ ሽማግሌ ነው» አለች ቴክላ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።